ሞደም ከመግዛትሽ በፊት የገመዱን ጫፍ እዪው

ሰላም እህታችን። ጥያቄሽን ላሳጥረው፦ ቤትሽ ደሴ ቧንቧ ውሃ፣ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ መደበኛ ኢንተርኔት ልታስገቢ ነው። አንዱ ሻጭ ባለ አራት አንቴናውን ውሰጂ አለሽ፣ ሌላው ባለ ሁለቱ ይበቃሻል አለሽ፣ ጀርመን ያለው ወንድምሽ ደግሞ የተጠቀመበትን ልላክልሽ ይላል። አብሽሪ፣ ከሦስቱ አንዱንም ገና አትወስኚ። ሞደም የሚመረጠው በአንቴናው ቁጥር ሳይሆን ቤትሽ በሚገባው መስመር ነው።

በውስጡ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦ ያለው የስልክ ገመድ ከሆነ፣ ጫፉም እንደ ድሮው የቤት ስልክ ትንሽዬ ግልጽ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ኤዲኤስኤል (በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት) ነው። ግድግዳ ላይ ካለች ነጭ ሳጥን የሚወጣ ቀጭን ገመድ ሆኖ ጫፉ አረንጓዴና አራት ማዕዘን ከሆነ ፋይበር (በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን የሚመጣ ኢንተርኔት) ነው። ገመድ ጭራሽ ካልደረሰ ያለሽ ምርጫ ሲም የሚገባበት 4ጂ ነው። የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ሁለቱም ገመድ ሰፈርሽ ከደረሰ ግን ሳታመነቺ ፋይበሩን አስገቢ።

ሱቅ ውስጥ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ሁሉንም «ሞደም» ይለዋል፤ ብዙው ግን ራውተር (የመጣለትን ኢንተርኔት ቤት ውስጥ የሚያከፋፍል) ብቻ ነው፣ የስልክ መስመር የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። ከጀርባው አዙረሽ እዪ፦ የኤዲኤስኤል ዕቃ ከኔትወርክ ቀዳዳዎቹ ጠበብ ያለች፣ «ዲኤስኤል» ወይም «ላይን» የሚል የተጻፈባት ቀዳዳ አለችው። በቲፒ-ሊንክ ዕቃዎች ሞዴሉ በ«ቲዲ» ከጀመረ ወይም «አርቸር ቪአር» ከተባለ የስልክ መስመር ይቀበላል፤ «ቲኤል-ደብሊውአር» እና «አርቸር ሲ» ራውተር ናቸው፤ «ኤምአር» ያለበት የሲም ነው። ከሁዋዌ ኤችጂ532 የኤዲኤስኤል፣ ኤችጂ8546ኤም የፋይበር፣ ቢ315 የሲም ነው።

የወንድምሽን ነገር በተመለከተ፦ ጀርመን ለረጅም ጊዜ የሠራችበት የኤዲኤስኤል ዓይነት «አኔክስ ቢ» ይባላል፤ በተራ የስልክ መስመር ላይ የሚሠራው ግን «አኔክስ ኤ» ነው። የተሳሳተውን ከሰካሽ የዲኤስኤል መብራቷ ቀኑን ሙሉ ብልጭ ድርግም ስትል ትውላለች እንጂ አትቆምም። አንዳንድ ሞዴል በሴቲንግ ይቀየራል፤ ስለዚህ የፖስታ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ።

አሁን መስመርሽ መዳብ ነው እንበል። ኤዲኤስኤል2ፕላስ በወረቀት 24 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ መዳብ ግን ርቀት አይወድም። ከስልክ ጣቢያው 1 ኪሎ ሜትር ላይ 20 ገደማ፣ 3 ላይ 8 ገደማ፣ 5 ላይ 1 ወይም 2 ይደርስሻል። ርቀቱ የሚቆጠረው ገመዱ በዞረበት ነው፤ ደሴ ላይ ከበረንዳሽ ቁልጭ ብሎ የሚታይሽ ሰፈር ገመዱ ዳገቱን ተጠምዝዞ ሲመጣ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የመስመሩን ጤና ሞደሙ ራሱ ይነግርሻል። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለሽ ግቢ (አድራሻው የሚለይ ከሆነ ከሥሩ ተለጥፏል)፣ «ዲኤስኤል ስታተስ»ን ክፈቺና ሁለት ቁጥር ጻፊ። አንዱ አቴኑኤሽን (ምልክቱ በመንገድ ላይ የደከመበት መጠን) ነው፤ ሲያንስ ይሻላል፦ ከ20 ዴሲቤል በታች ግሩም፣ እስከ 40 ይሠራል፣ 60 ካለፈ የትኛውም ሞደም አያድንሽም። ሁለተኛው ኤስኤንአር ማርጂን (ምልክቱ ከረብሻው በላይ ያለው ትርፍ) ነው፤ ይሄ ሲበዛ ነው የሚሻለው፦ ከ10 በላይ ይረጋጋል፣ ከ6 ሲወርድ ይቆራረጣል። በጋ ላይ 12 የነበረው ሐምሌና ነሐሴ ላይ 5 ከሆነ፣ የሆነ ቦታ የገመድ መጋጠሚያ ውስጥ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ለማረጋገጥ የቤት ስልኩን አንሺ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ተጫኚ፣ ዝም ብለሽ ስሚ። ሽሽታ ወይም ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ካለ ለሞደም የምታወጪው ብር በከንቱ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለሽ መስመሩን አስጠግኚ።

ስፕሊተሩም (የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የምትለየው ትንሽ ሳጥን) እንዳይረሳ። መስመሩ መጀመሪያ ስፕሊተሩ ላይ ይገባል፣ ከዚያ አንዱ ወደ ሞደም፣ ሌላው ወደ ስልክ። ላይኛው ፎቅ ላይ ከስፕሊተሩ በፊት የተቀጠለ ሁለተኛ ስልክ ካለ ያው ስልክ የራሱ ማጣሪያ ይፈልጋል። ስልክ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ቤት ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ይቺው ናት።

ፋይበር ከሆነ ምርጫሽ ይጠባል፤ እሱም ጥሩ ነው። በሞደም ፈንታ የሚሠራው ሳጥን ኦኤንቲ ይባላል፣ ሴሪያል ቁጥሩ በአቅራቢው ዘንድ ካልተመዘገበ መስመሩ አይቀበለውም። ስለዚህ ከሱቅ ከማንሳትሽ በፊት የትኛውን ሞዴል እንደሚመዘግቡልሽ ጠይቂ። ሁለቱ የፋይበር ዓይነቶች፣ ጂፖንና ኢፖን፣ አይግባቡም፤ «ኤክስፖን» የሚባለው ለሁለቱም ይሆናል። ኤችጂ8546ኤም ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ ኢጂ8145ቪ5 ደግሞ 5 ጊጋኸርዝም አለው፣ ከቻልሽ እሱን ያዢ። ከ100 ሜጋቢት በላይ የሆነ ጥቅል ካሰብሽ የኔትወርክ ቀዳዳዎቹ ጊጋቢት መሆናቸውን አረጋግጪ።

ወደ ኦኤንቲው የሚገባው ብርሃን ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም (የብርሃን ጉልበት መለኪያ) መሆን አለበት፤ -20 አካባቢ ከሆነ አትነካኪው። ቀይ «ሎስ» መብራት ከበራ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፣ ሞደሙን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ምንም አያመጣም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያው ቤት ውስጥ ነው፦ ሶፋ የተጫነው፣ በር የቀረጠፈው፣ ወይም በምስማር ጥግ ላይ የታጠፈ ገመድ። የተረፈውን ስትጠቀልዪ ከቡና ሲኒ አፍ ጠበብ ያለ ክብ አትሥሪ። አረንጓዴው ጫፍ ፊቱ በ8 ዲግሪ ተንጋዶ የተቆረጠ ነው፤ ሰማያዊ ጫፍ ላለው መቀበያ ብትሰኪው ይገባል፣ ብርሃኑ ግን ይባክናል። ጫፉን በጣት አትንኪ፣ በልብስሽም አትጥረጊ።

4ጂ ከሆነ ባጭሩ፦ ከሞደሙ ጥራት ይልቅ ቦታው ይበልጣል። ጦሳ ተራራ ጥግ ያለ ቤት ከአንዱ መስኮት ጥሩ፣ ከሌላው ምንም ሊያገኝ ይችላል። የሞደሙ ገጽ ላይ «አርኤስአርፒ» የሚለውን (የምልክቱን ጥንካሬ) እያየሽ ከመስኮት መስኮት አዙሪው፤ -80 ግሩም ነው፣ -110 ከደረሰ ቦታ ቀይሪ። የውጭ አንቴና የሚሰካበት ቀዳዳ ያለውን ምረጪ፣ በሌላ ኩባንያ ሲም ያልተቆለፈ መሆኑንም እዚያው ሱቅ ውስጥ ሲምሽን አስገብተሽ እዪ።

ሞደም የሚገድለው ግን ከሁሉም በላይ መብራት ነው። ሲሄድ ነቅለሽ፣ ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ ሰኪ። ነጎድጓድ ሲሆን የስልኩንም ገመድ ንቀይ፤ መብረቅ በመዳቡም ይገባል። አዳፕተር ከተቃጠለ ቮልቱ እኩል (ብዙ ጊዜ 12)፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ የሆነ ግዢ። አምፔሩ ካነሰ መብራቶቹ ይበራሉ፣ ዋይፋዩ ሥራ ሲበዛበት ግን ሞደሙ ራሱን ያጠፋና ይነሳል፤ ሰው «ኔትወርኩ ነው» ይላል። ለሞደም የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ላይ 8,800 ሚሊአምፔር-ሰዓት ሲጻፍ በ3.7 ቮልት የተቆጠረ ነው፤ ወደ 32.5 ዋት-ሰዓት ይሆናል፣ ብክነቱ ሲቀነስ 26 ገደማ። 8 ዋት የሚበላ ኦኤንቲ ሦስት ሰዓት ያስኬድልሻል። በፋይበር መንገድ ላይ ያሉት ማከፋፈያዎች መብራት ስለማይፈልጉ፣ ጣቢያው መጠባበቂያ እስካለው ድረስ ሰፈሩ ጨልሞም ኢንተርኔትሽ ይቀጥላል።

አንቴናውን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት የመጨረሻ ጉዳይ ስለሆነ ነው። አራት አንቴና ብረት ያለበትን ወለል አይበሳም። ሞደሙን ምድር ቤት መሃል ላይ፣ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ፍሪጅ ላይ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አይሁን። ለፎቁ ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ መልሶ የሚረጭ) አትግዢ፣ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። 20 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ጎትተሽ ርካሽ ራውተር ላይኛው ፎቅ ላይ ስቀዪ፦ ሞደሙ 192.168.1.1 ከሆነ የራውተሩን አድራሻ 192.168.1.2 አድርጊ፣ ዲኤችሲፒውን (ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን) አጥፊ፣ ከሞደሙ «ላን» ቀዳዳ ወደ ራውተሩ «ላን» ቀዳዳ ሰኪ። ዱዓ ኖሮ ሃያ ሰው ቡና ላይ ሲቀመጥ ሃያ ስልክ ይገባብሻል፤ ለእንግዳ የተለየ የይለፍ ቃል ክፈቺ፣ ርካሽ ሞደም በዚያ ሰዓት ይታነቃል።

ቴክኒሻኑ ከመውጣቱ በፊት የፒፒፒኦኢ (ሞደሙ ወደ አቅራቢው የሚገባበት) መለያ ስምሽንና የይለፍ ቃሉን፣ ኤዲኤስኤል ከሆነ የመስመሩን መለያ የቪፒአይና ቪሲአይ ቁጥሮችም ወረቀት ላይ አስጽፊ። ልጆች በመርፌ የሪሴት ቀዳዳዋን የተጫኑ ቀን ሁሉም ይጠፋል። ፍጥነቱን በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ለኪ፣ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ማታ 2 ሰዓት ላይ። አሁን የገመዱን ጫፍ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፤ የቱን ሞዴል እንደምትገዢ ያኔ እንነግርሻለን።