ቲማቲሙን ያጠማዘዘው የጤፉ መድኃኒት ነው

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቦርከና ዳር የሚያርስ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል።

«ጋሼ፣ ነሐሴ ላይ ጤፌን ቱፎርዲ ረጨሁት። አረሙ ጥርግ ብሎ ጠፋ፤ ጤፉም ደህና ነው። መርጫውን በውኃ አለቅልቄ ሰቀልኩት። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ በዚያው መርጫ ቲማቲሜን ለምች ብዬ ማንኮዜብ ረጨሁት። በአምስተኛው ቀን ቅጠሉ ተጠማዘዘ። አዲሱ ቅጠል እንደ ክር ቀጠነ። የመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች በጣም ብሰዋል፤ ወደ ጫፍ ሲሄድ ይሻላል። አንዱ መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ይለኛል፤ አንዱ በሽታ ነው ይለኛል። ሌላው ደግሞ ቱፎርዲ በቬትናም ጦርነት ሰው የጨረሰው መርዝ ነው፣ ካንሰር ያመጣል ብሎ አስደነገጠኝ። ልብሴን የምታጥበው ባለቤቴ ናት። ቲማቲሙን ልንቀለው? መርጫውንስ ምን ላድርገው? የሚስቴ ወንድም ደግሞ ኩታበር ላይ ለስንዴው አውሰኝ እያለኝ ነው።»

አብሽር ወንድሜ። መልሱ እዚያው ጥያቄህ ውስጥ አለ። «የመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች በጣም ብሰዋል» ያልከው ነገር ነው ሁሉን የነገረኝ።

በሽታ ቢሆን እንዲህ አይመጣም። በነጭ ዝንብ የሚተላለፈው የቲማቲም ቫይረስ እዚህ አንድ ተክል፣ እዚያ አንድ ተክል እያለ ቀስ በቀስ ነው የሚዛመተው። ቅጠሉ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ጠርዙ ቢጫ ይሆናል፣ ተክሉ ይቀጭጫል። ከጎረቤት ማሳ በነፋስ የመጣ ቱፎርዲ ከሆነ ደግሞ የሚብሰው በጎረቤቱ በኩል ያለው ዳር ነው፤ ወደ መሃል እየቀነሰ ይሄዳል። የአንተ ግን የረጨህበትን ቅደም ተከተል ይዞ ነው የሄደው። ከመርጫው መጀመሪያ የወጣው ቅሪት የበዛበት ነበር፤ እየረጨህ ስትሄድ ቅሪቱ ቀነሰ። ማንኮዜቡ ምንም አላጠፋም።

ይህንን በእጅህ ማረጋገጥ ትችላለህ። ከባሱት መስመሮች አንዱን ተክል ያዝና ግንዱን ተመልከት። ወደ ታች ጎብጦ እንደ ገመድ ከተጠማዘዘ፣ ቆዳው አበጥ አበጥ ብሎ ወይም ተሰንጥቆ ነጣ ያለ ጉብጉብ ካወጣ፣ በአዲሱ ቅጠል ላይ ያሉት ደም ሥር መሰል መስመሮች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ከተሰለፉ የሆርሞን ጉዳት ነው። በመስመሮቹ መሃል ያለውን ቅጠለ ሰፊ አረምም እየው። እሱም አብሮ ከተጠማዘዘ ምንም ጥርጥር የለውም።

ቱፎርዲ፣ ጠርሙሱ ላይ 2፣4-ዲ የሚለው፣ እንደ ሌላው መርዝ ቅጠል አያቃጥልም። ተክል ለማደግ የሚጠቀምበትን ኦክሲን የሚባል ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው። ቅጠለ ሰፊው ተክል ይህንን ሲጠጣ ያለ ልክ፣ ያለ ሥርዓት ያድጋል። ግንዱ በአንድ ወገን ይረዝማል፣ ይጣመማል፣ ውስጡ ያሉት የውኃና የምግብ መተላለፊያዎች ይታፈናሉ፤ በመጨረሻ ይሞታል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ማሽላ የሣር ወገን ስለሆኑ መድኃኒቱን በውስጣቸው ቶሎ ሰባብረው ያመክኑታል። ለዚህ ነው ጤፍህ ምንም ያልሆነው። ቲማቲም ግን ለቱፎርዲ እጅግ ስስ ነው። ቃሪያ፣ ቦሎቄ፣ ጥጥና ወይንም እንዲሁ ናቸው። ጤፍ ላይ አረም ለመግደል ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ጠብታ ቲማቲምን ያጣምመዋል።

«ግን እኮ አጥቤዋለሁ» ትለኝ ይሆናል። ኮምቦልቻ ውስጥ መርጫ ስጠግን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይህንን ቃል እሰማለሁ። አንድ ቀን መርጫህን ፈታ አድርግና እየው። ታንኩ ከውስጥ ንጹሕ ይመስላል። የፓምፑን ክዳን ስትነቅል ግን ጓርኒሲዮኑ ሥር ቡናማ ዝቃጭ ታገኛለህ። ከእጀታው በላይ ያለችው ወንፊት ላይም አለ። የጎማው ቱቦ ደግሞ መድኃኒቱን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። በውኃ ስታለቀልቀው ከላይ ያለው ይሄዳል፤ ጎማው ውስጥ የገባው ይቀራል። ከሳምንታት በኋላ ሌላ መድኃኒት ስትጨምርበት፣ ያ መድኃኒት ቅጠል ላይ እንዲለጠፍ ተብሎ የተቀላቀለበት ሳሙና መሰል ነገር የቆየውን ቱፎርዲ ከጎማው ያወጣዋል። በባዶ ውኃ ያልወጣው በማንኮዜቡ የወጣው ለዚህ ነው።

እኔም ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን የሰው ቃሪያ እንዲሁ አበላሽቻለሁ። ገራዶ ላይ ነበር። ስንዴ ረጭቼ በመጣሁበት መርጫ ሩብ ጥማድ ቃሪያ ረጨሁ። በሳምንቱ ባለቤትየው ጠራኝና ማሳው ዳር ዝም ብለን ቆምን። የዚያን ወቅት ገቢዬን ለካሣ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መርጫ አለኝ፤ የጸረ-አረሙ መርጫ ታንኩም እጀታውም ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ለአንተም የምመክርህ ይህንኑ ነው። ሁለተኛ መርጫ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ከጎረቤት ጋር ተዋጡና አንዱን ለጸረ-አረም ብቻ አድርጉት።

ለጊዜው አንድ መርጫ ብቻ ካለህ እንደ ደንቡ እጠበው። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቅና በዘንጉና በአፍንጫው አስወጥተህ ጨርሰው። ቀጥሎ ታንኩን ውኃ ሙላና የቤት ማጽጃ አሞኒያ ከመቶ አንድ እጅ ጨምርበት፤ ለ15 ሊትር መርጫ 150 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ትንሽ ፓምፕ አድርገህ ቱቦውም ዘንጉም እንዲሞላ አድርግ። ሌሊቱን እንዲያድር ተወው። አሞኒያ ካጣህ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ከምንም ይሻላል፤ ግን እኩል አይደለም። አሞኒያን ከበረኪና ጋር በፍጹም አትቀላቅል። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጠዋት በዘንጉ አስወጣው፣ ወንፊቱንና አፍንጫውን ለብቻ በብሩሽ እሸው፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቅ። ቱቦውና ጓርኒሲዮኑ ካረጁ ለውጣቸው፤ ከታንኩ ይልቅ መድኃኒቱን የሚደብቁት እነሱ ናቸው። ያጠብክበትን ውኃ ቦርከና ውስጥም መስኖ ቦይ ውስጥም እንዳትደፋ። ታች ያለው ሰው ቲማቲም የሚያጠጣው በዚያ ውኃ ነው። ከጉድጓድ ውኃና ከከብት መዋያ ርቀህ ጠፍ መሬት ላይ በትነው።

ታጠበ ብለህ ከማመንህ በፊት ደግሞ በመርጫው ንጹሕ ውኃ ሞልተህ ሦስት አራት የቲማቲም ችግኝ ብቻ እርጭና ሳምንት ጠብቅ። ከተጠማዘዙ እንደገና እጠብ።

አሁን ወደ ቬትናሙ ወሬ ልምጣ። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ሰውን ያለ ቦታው ያስፈራዋል።

ቱፎርዲ የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ለየብቻቸው፣ በምስጢር፣ የተክል ሆርሞን አስመሳይ ኬሚካሎችን ይመረምሩ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ምስጢሩ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ሣሩን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን የሚገድል ርካሽ መድኃኒት ስለነበር የእህል ገበሬውን ሥራ ለወጠው። እኛ ነሐሴ ላይ ከነቤተሰባችን ጎንበስ ብለን የምናርመውን ቀናት የሚፈጅ ጤፍ በአንድ ጠዋት የሚጨርሰው ይኸው ነው።

በቬትናም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971፣ የአሜሪካ ጦር ጫካና ሰብል ለማጥፋት ከአውሮፕላን ብዙ ጸረ-አረም ረጨ። በጣም የታወቀው ኤጀንት ኦሬንጅ ነው። እሱ ግማሹ 2፣4-ዲ ሲሆን ግማሹ 2፣4፣5-ቲ የሚባል ሌላ መድኃኒት ነበር። ያንን ሁሉ ሕመም ያመጣው ቲሲዲዲ የሚባለው እጅግ መርዛማ ዳዮክሲን ነው። እሱ የተፈጠረው 2፣4፣5-ቲ ሲመረት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 የ2፣4፣5-ቲን አጠቃቀም ሙሉ በሙሉ አቆመች። 2፣4-ዲ ግን እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሸጣል። ስለዚህ በእጅህ ያለው ኤጀንት ኦሬንጅ አይደለም።

ካንሰሩስ? በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ቱፎርዲን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው 2ቢ ምድብ አስቀመጠው። ይህ ማለት ማስረጃው ውስን ነው፣ ግን ተዘግቶ የሚታለፍ አይደለም ማለት ነው። በዚያው ዓመት ራውንድአፕ በሚባለው ጸረ-አረም ውስጥ ያለው ግላይፎሴት አንድ ደረጃ ከፍ ባለው 2ኤ ምድብ ገብቷል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ደግሞ ቱፎርዲ ካንሰር እንደሚያመጣ ለመወሰን መረጃው አይበቃም ብሏል። እኔ ይህንን የምረዳው እንዲህ ነው፦ በዓመት አንድ ቀን ጤፉን በጥንቃቄ የሚረጭ ገበሬ ሌሊት እንቅልፍ አይጣ፤ በየቀኑ ለሰው የሚረጭና ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ ግን አሳሳቢ ነው።

ደግሞ ከካንሰሩ በፊት ዛሬ የሚጎዳህ ነገር አለ። ዓይን ነው። እኛ ጋ የሚበዛው የአሚን ጨው ያለው ቱፎርዲ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። የሚረጨው ሳይሆን ያልተበጠበጠው፣ ከጠርሙስ ሲቀዳ ፍንጥቅ የሚለው ነው አደገኛው። ስለዚህ መነጽርና የጎማ ጓንት በተለይ ስትበጠብጥ አድርግ። ዓይንህ ውስጥ ከገባ ወዲያው በንጹሕ ውኃ 15 ደቂቃ ሳታቋርጥ እጠብና ጤና ጣቢያ ሂድ። አፍንጫው ሲደፈን በአፍህ አትንፋ። ሰው ሁሉ ሲያደርገው አያለሁ፤ ሆዴ ይረበሻል። ለስላሳ ብሩሽ ወይም የሣር ስንጥር ይበቃል።

«ወተት ጠጣ፣ ያረክሰዋል» የሚለውንም ተው። ወተት መርዝ አያረክስም። ሰው መድኃኒቱን ከጠጣ አታስታውከው፣ ወተትም አትስጠው፤ ጠርሙሱን ከነጽሑፉ ይዘህ ሐኪም ቤት አድርሰው። ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ያንን ጽሑፍ ነው።

የባለቤትህን ነገር ስላነሳህ ደስ ብሎኛል። የረጨህበትን ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አትዘፍዝፉ። ለብቻው፣ በብዙ ውኃና በሳሙና፣ ጓንት አድርጋ ትጠበው። እንዲያውም አንተው ብታጥበው ነው የሚሻለው። ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አለቅልቅ፣ እጣቢውን ወደ መርጫው መልስ፣ ከዚያ ብሳው። ዘይት ወይም ውኃ እንዲያዝበት ለማንም አትስጥ።

ቲማቲሙን ገና አትንቀል። ማርከሻ የለውም፤ ማርከሻ አለኝ ብሎ የሚሸጥልህ ካለ አትግዛ። ውኃውን ሳታበዛ ሳታጓድል አጠጣና ሁለት ሳምንት ጠብቅ። በጫፉ በኩል መልኩን የያዘ ቅጠል ማውጣት ከጀመረ ይተርፋል፤ ጊዜ ግን ያዘገይብሃል። አሁን ያለውን አበባና ፍሬ ግን ቅጠፈው። ቱፎርዲ ለቲማቲም ተብሎ የተፈቀደ አይደለም፤ እኔ ያንን ፍሬ ለልጆቼ አላበላም፤ ለገበያም አይውጣ። አራቱ መስመሮች ግን ጫፋቸው ከደረቀ ንቀላቸው። ለፍየል እንዳትሰጣቸው፤ ቅበራቸው።

በቦታው ሌላ ችግኝ ከመትከልህ በፊት ከመስመሮቹ አፈር ወስደህ በጣሳ ቦሎቄ ዝራበት። ቱፎርዲ እርጥብና ሞቃት አፈር ውስጥ በሳምንታት ይበሰብሳል፤ አንተ ጋ የገባውም ጥቂት ነው። ቦሎቄው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቅጠሉ ከተዘረጋ ትከል።

የሚስትህ ወንድም ደግሞ መርጫውን ይውሰድ፤ ስንዴ ላይ ቅሪቱ ምንም አያደርግም። ግን አሁን ቱፎርዲ እንዳይረጭበት ንገረው። የስንዴ ጊዜው ቅርንጫፍ ሲያወጣ፣ ግንዱ ቀጥ ብሎ ከመነሳቱ በፊት ነው። በጥቅምት የኩታበር ስንዴ ዘለላ አውጥቷል። አሁን ቢረጨው ሰብሉን አይጠቅመውም፤ ዘለላ ሊወጣ ሲል የተረጨ ደግሞ ዘለላው ይጣመማል፣ ፍሬም ይጎድለዋል። ለከርሞ በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ጽሑፉ ላይ ያለውን መጠን ይዞ ይርጭ። ብዙ ጊዜ ለሄክታር 1 ሊትር በ200 ሊትር ውኃ ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ከሆነ 250 ሚሊ ሊትር መድኃኒት በ50 ሊትር ውኃ ማለት ነው፤ በ15 ሊትር መርጫ ለአንዱ ሙሌት 75 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። በክዳን እየገመተ አይጨምር፤ ቁጥር ያለው መስፈሪያ ይግዛ። መርጫውን ሲመልስልህ ቱቦውን ፈትተህ ይዘህልኝ ና፤ ለአንተው አዲስ ጎማ እገጥምልሃለሁ።