ባዶ ፎልደርም ቴስት ያልፋል

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው። ባልደረባዬ የጊት (የኮድ ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ሳብሞጁል ቴስት ጽፎ «እይልኝ» አለኝ። ሳብሞጁል ማለት በአንድ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ውስጥ የሚገባ ሌላ ሪፖ ነው። ቴስቱ የሚያጣራው የሳብሞጁሉ ፎልደር መኖሩን ብቻ ነው። እሱ ጋ ያልፋል፣ እኔ ጋ ግን ገና ሳብሞጁሉን ሲጨምር «ትራንስፖርት ፋይል አልተፈቀደም» ብሎ ይወድቃል። ላሳልፍለት?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ግን መልሺለት። የሱ ጊት አሮጌ ሳይሆን አይቀርም። ከ2.38.1 ጀምሮ ጊት ለደኅንነት ሲል ሳብሞጁልን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ካለ ሪፖ መቅዳትን በነባሪ ከልክሏል። «ፕሮቶኮል.ፋይል.አላው» የሚባለውን የጊት ቅንብር ሳብሞጁሉን ለምትጨምረው ትእዛዝ ብቻ «ኦልዌይስ» ያድርገው፤ ግሎባል ኮንፊጉን (ለሁሉም ሪፖ የሚሠራውን ቅንብር) ከነካማ የሰው ቤት በር ከፍቶ መሄድ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ፎልደሯ ናት። ዋናው ሪፖ እንዲሁ ክሎን ሲደረግ (ሲቀዳ) ጊት የሳብሞጁሉን ፎልደር ባዶውን ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ምንም ሳይመጣ ቴስቱ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ ቴስቱ ፎልደሯ ውስጥ ያለው ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ሁኔታ) ዋናው ሪፖ ከመዘገበው ጋር አንድ መሆኑን ያስተያይ።