ሜሪላንድ እየኖርኩ ዲሲ ነበር የምሠራው፤ አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥ ክፍያ) የት ላመልክት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የምሠራው ግን ዲሲ፣ ሆቴል ውስጥ ነበር። በቅርቡ እንግዳ ቀነሰ ብለው ብዙዎቻችንን አሰናበቱን። ሜሪላንድ ላመልክት ስል አንዷ ጓደኛዬ «ተይው፣ ሲቲዝንሺፕሽን ያበላሽብሻል» አለችኝ። ቅዳሜና እሁድ ኡበር እነዳለሁ፤ እሱስ ችግር ያመጣብኝ ይሆን? እንግሊዝኛዬም እምብዛም ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ዛሬ ነገ ሳትዪ አመልክቺ፤ ግን ሜሪላንድ ሳይሆን ዲሲ። የሚታየው የሠራሽበት እንጂ የምትኖሪበት ቦታ አይደለም፤ ቀጣሪሽ የሥራ አጥ ኢንሹራንሱን ግብር ሲከፍል የቆየው ለዲሲ ነዋ። በእኛ አካባቢ ቤቱ አንድ ስቴት፣ ሥራው ሌላ ስቴት የሆነ ሰው ሞልቷል፤ እዚህ ላይ እየተሳሳተ ጊዜውን የሚያባክነውም ብዙ ነው። ገንዘቡ የሚታሰበው ካመለከትሽበት ሳምንት ጀምሮ ስለሆነ በዘገየሽ ቁጥር የሚቀርብሽ የራስሽ ገንዘብ ነው። በዲሲ በሳምንት እስከ 444 ዶላር፣ ቢበዛ ለ26 ሳምንት ይከፈላል። መጠኑ ቀድሞ በሠራሽው ደሞዝ ይወሰናል፤ የመጀመሪያዋ ሳምንት ግን አይከፈልባትም።

ጓደኛሽ አስባልሽ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ይሄ ምጽዋት አይደለም። ሠርተሽ ያገኘሽው መብት ነው፤ መውሰድሽ ሲቲዝንሺፕ አያስከለክልሽም። የሚያበላሸው ውሸት ነው፤ ስለዚህ ኡበሩን እንዳትደብቂ። በየሳምንቱ፣ ከእሁድ እስከ ቅዳሜ ያገኘሽውን፣ ገንዘቡ ገና እጅሽ ባይገባም በሠራሽበት ሳምንት አስመዝግቢ። ክፍያሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ደብቀሽ ከተደረሰብሽ ግን የወሰድሽውን ከነቅጣቱ ትመልሻለሽ፣ ቅጣቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ክፍያውን ለማግኘት በየሳምንቱ በሚመልሳቸው ጥያቄዎች ነው። ሠርተሻል ወይ፣ ሥራ ፈልገሻል ወይ፣ ሥራ ቢገኝ ለመሥራት ትችያለሽ፣ ዝግጁስ ነሽ ወይ ይሉሻል። የመጨረሻውን በደንብ ሳይረዱት «ኖ» የሚሉ አሉ፤ ያቺ አንዲት ቃል ክፍያውን ቀጥ ታደርገዋለች። ልጅሽን ወይም ጎረቤትሽን አታስተርጉሚ። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አላት፤ ክፍያውን ወደሚሰጠው የዲሲ መሥሪያ ቤት ስትደውዪ «አማሪክ» በያቸው፣ አስተርጓሚ በነፃ ያገናኙሻል። ያመለከትሽባቸውን ቦታዎች ስምና ቀን ደብተር ላይ ያዢ፣ አንድ ቀን ሊጠይቁሽ ይችላሉ።

ከሥራ የወጣሽበትን ምክንያት ሲጠይቁሽ «ሌይኦፍ» ወይም «ላክ ኦፍ ወርክ» (ሥራ ስለቀነሰ ቀጣሪው አሰናበተኝ ማለት ነው) የሚለውን ምረጪ፤ ያንቺ ጉዳይ እሱ ነው። «ኩዊት» ካልሽ በገዛ ፈቃዴ ለቀቅኩ ማለትሽ ነው፣ ያኔ መከልከል ይመጣል። የስንብት ደብዳቤ ካልሰጡሽ አሁኑኑ ጠይቂያቸው።

ግብሩንም አትርሺ፤ ይሄ ገንዘብ እንደ ደሞዝ ታክስ አለበት። ስታመለክቺ ለፌዴራል 10 በመቶ እንዲቀነስ ብትጠይቂ በታክስ ሰሞን አትደነግጪም።

ከከለከሉሽ ደግሞ ደብዳቤው የተላከበትን ቀን እዪ፤ ይግባኝ የምትዪው በ15 ቀን ውስጥ ነው፣ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል። ይግባኙ እስኪታይ ሳምንታዊ ጥያቄዎቹን መመለስ እንዳታቆሚ፤ ብታሸንፊ እንኳን ላልሞላሽው ሳምንት አይከፍሉሽም።