ደባርቅ ወይስ ጎርጎራ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። 150 ሲሲ ሞተር አለኝ፤ ከከተማ ግን ይዤው ወጥቼ አላውቅም። ቅዳሜ ሁለታችንም ወጥተን እሁድ ልንመለስ አስበናል። እኔ ደባርቅ እላለሁ፣ እሷ ጎርጎራ ትላለች። የቱ ይሻለናል? ምንስ እንያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለመጀመሪያው ባለቤትህን ስማት። ጎርጎራ ሂዱ።

የደባርቅን መንገድ እኔም እወደዋለሁ። ኮሶዬ ላይ ቆሞ ወደ ታች ገደሉን ማየት ብቻውን መንገድ ያስወጣል። ግን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን እያለፍክ ወደ ደጋ ነው የምትወጣው። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታላ። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሞተርህ አሁንም ሙሉ አቅሙ የለውም። ደባርቅ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ሁለት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀንሶ ማቃሰቱ አይቀርም። ብርዱም ጣት ያደነዝዛል፤ በደነዘዘ ጣት ፍሬን መያዝ ደግሞ አደጋ ነው።

ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከአዘዞ ታጥፈህ በቆላ ድባና በጯሂት አድርገህ ጣና ዳር ትወርዳለህ። ሐይቁ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሞተሩም አይጨነቅም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ለእሷ ሄልሜት አለህ ወይ? ለሾፌሩ ሄልሜት፣ ከኋላ ለተቀመጠችው ነጠላ! በየመንገዱ የማየው ይኸው ነው፤ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ስትወድቁ የእሷም ራስ እኩል ነው አስፋልቱን የሚመታው። በልኳ ግዛላት፣ ማሰሪያውም አገጯ ሥር ይጥበቅ። ገንዘቡ ካልበቃ ጉዞው ይቆይ። የነጠላዋም ጫፍ ሆነ የቀሚሷ ወደ ጎማው እንዳይንጠለጠል ሱሪና ጃኬት ትልበስ፤ እንደ ወንድ ተቀመጪ በላት፣ በጎን አይሆንም።

መንገዱ ላይ ፍጥነትህን የሚወስኑልህ ከብቶቹ ናቸው። የገበያ ቀን ከሆነ አህያውም፣ ጋሪውም፣ ሰዉም አስፋልቱን ይሞላዋል። የተበላሸ መኪና ጎማ ሥር ያስደገፉትን ድንጋይ ሳያነሱ ጥለው የሚሄዱም አሉ፤ በጨለማ አይታይም። ስለዚህ ማታ አትንዳ። መንገዱ የሚያልፍበት የደንቢያ መሬት ጥቁር አፈር ነው፤ ዝናብ ከጣለ ከዋናው መንገድ አትውጣ፣ ጭቃው ጎማው ላይ ተለጥፎ አያስኬድህም።

ዓርብ ማታ ጎማህን አስነፋ፣ ሁለት ሰው ስለምትሆኑ የኋላውን ጠንከር ይበል። ካቴናውን አስተካክለህ ዘይት ቀባው። መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ ካንዴላና መፍቻ ያዝ፤ ጎሚስታ በየመንደሩ አታገኝም። ቤንዚን ጎንደር ላይ ሙላ። መንጃ ፈቃድና ሊብሬ አትርሳ። መንገዱ ሰላም መሆኑንና ሞተር መፈቀዱን ከዚያ መስመር ሾፌሮች ዓርብም ጠይቅ፣ ቅዳሜ ጠዋትም ድገም። ጥርጥር ካለ ቅር።

ጎርጎራ ስትደርሱ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳለሙ፤ የግድግዳ ሥዕሎቹን ተረጋግታችሁ እዩ። አፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት አባታቸው አፄ ሱስንዮስ የነገሡበት አካባቢ ነው፣ የዘመኑ የሕንፃ ፍርስራሽም አለ። ዓሣ ብሉ፤ ቆሮሶ ጥብስ እኔ አላልፍም። ጣና ዳር ወባ ስላለ ስትከራዩ አጎበር ያለበትን ክፍል ጠይቁ።

እሁድ ከምሳ በፊት ተነሱ። መመለሻው ዳገት ነው፣ ቀስ እያላችሁ፣ እያረፋችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ አዘዞ ግቡ። ደባርቅን ለሁለተኛው ያዘው፤ ያኔም ከደባርቅ ወዲያ ያለውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት አትሞክር።