ስሙ ያልተጠራ ልጅ እናትም ደብዳቤውን ታነባለች

አሜሪካ ውስጥ በትምህርት ቤትና በትምህርት ዲስትሪክት ቢሮ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

የሐበሻ ልጅ አስተማሪ፣ የቤተሰብ አገናኝ፣ አለፍ ሲልም ርዕሰ መምህር ሆኖ ማየት ብርቅ መሆኑ እየቀረ ነው፤ ደስ ይላል። ከመካከላችሁ ዲስትሪክት የምትመሩም አትጠፉም። ያን ጊዜ ሰው የሚያውቃችሁ በበጀት ሰነዱ ወይም ስኩል ቦርድ ፊት በተናገራችሁት አይደለም። ስብሰባውን የሚከታተለው ጥቂት ሰው ነው። በየቤቱ የሚገባው ለወላጆች የምትልኩት ደብዳቤ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ወሬ፣ የተሸለሙት ተማሪዎች፣ የፈተናው ውጤት ያለበት። እኔም ሱፐርኢንተንደንት፣ ማለትም የዲስትሪክት ኃላፊ፣ ከመሆኔ በፊትም ከሆንኩ በኋላም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስጽፍና ሌሎች የጻፉትን ስሰርዝ ስለኖርኩ፣ ዛሬ ስለ እሱ ብቻ ላውራችሁ።

በአንድ ደብዳቤ ላይ ስማቸው የሚጠራ ልጆች ቢበዙ አሥራ አምስት ሃያ ቢሆኑ ነው። የሮቦቲክስ ቡድኑ አለ፣ ክላሪኔት የምትነፋው ልጅ አለች፣ ሩጫ ያሸነፈው አለ። ደብዳቤው የሚደርሰው ግን በሺዎች ለሚቆጠሩ የሌሎች ልጆች ወላጆች ነው። ስጽፍ ሁልጊዜ በሐሳቤ የማስቀምጣት እናት ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ውስጥ በስልኳ የምታነብ ናት። ልጇ አልተሸለመም፤ እንዲያውም አልጀብራ ከብዶታል። ይህች እናት እስከ መጨረሻው አንብባ ለልጇ የሚሆን አንድ ነገር ካላገኘች፣ ደብዳቤውን የጻፍነው ለራሳችን ነው።

በጣም የምትፈተኑት በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ጆን ጄኮብ ካኔል የተባለ የዌስት ቨርጂኒያ ሐኪም አንድ ነገር አልዋጥልህ አለው። ድሃ በሆነችው ስቴቱ ውስጥ የተማሪዎች ውጤት «ከአገሪቱ አማካይ በላይ» ይባላል። ሌሎቹስ ብሎ በየስቴቱ ቢጠይቅ፣ በአንደኛ ደረጃ 50ዎቹም ስቴቶች ከአማካይ በላይ ነን ባዮች ሆነው አገኛቸው! የመለኪያ ባለሙያዎች በኋላ ሲያጣሩት በመሠረቱ ልክ ነበር። ዋናው ምክንያት የተፈጠረ ቁጥር አልነበረም። የዛሬውን ልጅ የሚያወዳድሩት ከዓመታት በፊት ከተፈተኑ ልጆች ጋር ነበር፤ ያንኑ ፈተና ደጋግመው ስለሚሰጡም አስተማሪው ምን እንደሚመጣ ለምዶታል። ውሸት ሳይኖር አገር ሙሉ ሊሳሳት እንደሚችል እኔ የተማርኩት ከዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ ወጣት ባልደረባ «ዲስትሪክታችን በንባብ ከስቴቱ አማካይ በላይ ሆነ!» የሚል ረቂቅ ይዞልኝ ሲመጣ፣ የትኞቹ ልጆች ከየትኞቹ ጋር ተወዳድረው እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። የዘንድሮ ሦስተኛ ክፍሎች የአምና ሦስተኛ ክፍሎች አይደሉም። ጥቂት ተፈታኝ ያለው ትንሽ ትምህርት ቤትም አንድ ዓመት ሰማይ ወጥቶ በሚቀጥለው ይወርዳል፤ ሁለቱም ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ያደረገው ነገር ላይኖር ይችላል። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን የሚወጣው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «የዘንድሮ ሦስተኛ ክፍሎች ከአምናዎቹ በተሻለ ያነባሉ። እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ ልጆች ውጤት ግን አልተሻሻለም። ለእነሱ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የንባብ ድጋፍ አለ፤ ሲያልቅ የሚያደርሳቸው አውቶቡስ ተዘጋጅቷል።» አውቶቡሱን የሚጠቅሰው ዓረፍተ ነገር በእኔ ግምት ከቀረው ደብዳቤ ሁሉ ይበልጣል። የሚያመላልሰው የሌለው ልጅ እናት ሌላውን ብትረሳ እሱን አትረሳም። ፐርሰንታይል የሚል ቃል ካለም አብራሩት፤ 75ኛ ፐርሰንታይል ከመቶ ተፈታኞች 75ቱን ያህል በለጠ ማለት ሲሆን፣ 75 ከመቶ አገኘ ማለት እየመሰለው የሚከፋ ወላጅ ብዙ ነው።

የደብዳቤያችሁን አቅም ደግሞ አታጋንኑት። ማቲው ክራፍትና ቶድ ሮጀርስ በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ የወደቁበትን ትምህርት በክረምት የሚያካክሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆች ከአስተማሪው በሳምንት አንዲት ዓረፍተ ነገር ይላክላቸው ነበር፤ ስለ ራሳቸው ልጅ ብቻ። ትምህርቱን ሳያካክሱ የቀሩት ከ15.8 ወደ 9.3 ከመቶ ወረዱ። ልብ በሉ፣ ከሚያመሰግነው መልእክት ይልቅ ምን መሻሻል እንዳለበት የሚናገረው ይበልጥ የሠራ ይመስላል። ካኔል በነበረባት በዚያችው ዌስት ቨርጂኒያ፣ በ22 ትምህርት ቤቶች፣ ፒተር በርግማንና ኤሪክ ቻን ያልተሠራ የቤት ሥራን፣ መቅረትንና ዝቅተኛ ውጤትን በአጭር የስልክ መልእክት ለወላጅ ሲያሳውቁ በየትምህርቱ የሚወድቁት በ28 ከመቶ ቀነሱ። የሱፐርኢንተንደንት ደብዳቤ ቢያምር ቢያምር ይህን አይሠራም። የመሪው ድርሻ የራሱን ደብዳቤ አሳጥሮ ለአስተማሪው ያቺን ዓረፍተ ነገር የሚጽፍበት ጊዜ ማስገኘት ነው። ይህን ለቦርድ ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ፎቶ የለውማ።

የጊዜም ጉዳይ አለ። በ2022 መጸው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፈተና ውጤት ተማሪዎችን ከሚሸልመው ከናሽናል ሜሪት የመጣውን የምስጋና የምስክር ወረቀት ለተማሪዎቹ ሳይሰጡ ቆዩ። ብዙ ኮሌጆች የቅድሚያ ማመልከቻ የሚዘጉት ኖቬምበር 1 ነው። ወላጆች ሲደርሱበት ነገሩ እስከ ስቴቱ ገዢና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ማመልከቻ ከተላከ በኋላ የሚመጣ ሽልማት ግድግዳ ላይ ከመሰቀል ሌላ ጥቅም የለውም። የልጅ ስኬት ዲስትሪክቱ የሚያጌጥበት ወሬ ሳይሆን የልጁ ንብረት ነው ብላችሁ ካመናችሁ፣ መጀመሪያ ለባለቤቱ ታደርሳላችሁ፤ ለሌላው የምታወሩት ቀጥሎ ነው።

ንብረቱ የእሱ ነው ካልን ፈቃዱም የእሱ ነው። ፌርፓ የሚባለው፣ የተማሪን መረጃ የሚጠብቀው የ1974ቱ ሕግ ስምንና ሽልማትን፣ የስፖርት ቡድን አባላትን ቁመትና ክብደት ሳይቀር፣ ዲስትሪክቱ «ዳይሬክተሪ ኢንፎርሜሽን» ብሎ ከሰየማቸው እንዲያወጣ ይፈቅድለታል። ግን አስቀድሞ ማሳወቅና «የልጄ አይውጣ» የሚል ወላጅን መስማት ግዴታው ነው፤ ልጁ 18 ሲሞላው መብቱ ወደ ራሱ ይዞራል። ያ ቅጽ ብዙ ጊዜ ዓመቱ ሲጀመር ከወረቀት ክምር ጋር ስለሚመጣ ማንም አያነበውም። ከሚደበድባት ባል ሸሽታ አድራሻ የለወጠች እናት ልጇ በመዘምራን ቡድን ፎቶ ላይ ከትምህርት ቤቱ ስም ጋር እንዳይወጣ ትፈልጋለች። ሕጉ ቢፈቅድላችሁም ደውላችሁ ጠይቁ። ልጁ ራሱም ስለ እሱ የተጻፈውን ሳይታተም ያንብበው፤ «ጎበዙ ተማሪያችን» የሚለውን እንድታወጡለት የሚለምን አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስንት አለ! በዚያ ፋንታ ያደረገውን ጻፉ፦ የሮቦቱ ክንድ ሁለት ጊዜ ተሰብሮበት በሦስተኛው ከቀላል ነገር እንደሠራው። ይህን ያነበበ ሌላ ልጅ ሊሞክረው ይችላል፤ ጎበዝነትን ግን እንዴት አድርጎ ይሞክራል?

አማርኛ ስለምትችሉ ደግሞ «ይቺን ቶሎ ተርጉምልኝ» የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣባችኋል። አርሊንግተንና ሞንትጎመሪ ካውንቲን የመሰሉ ዲስትሪክቶች አማርኛን ከመደበኛ የትርጉም ቋንቋዎቻቸው አንዱ ያደረጉት በቸርነት ብቻ አይደለም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በትውልድ አገር ምክንያት የሚደረግ አድልዎን ይከለክላል፤ ወላጅ በማይገባው ቋንቋ ማሳወቅም እዚያ ውስጥ ይገባል። እናንተም ሁለት ቋንቋ መናገርና መተርጎም አንድ አለመሆናቸውን ለአለቃችሁ ንገሩ፣ ለሥራው ጊዜና ክፍያ ጠይቁ፣ አታፍሩ። ልጁን አስተርጓሚ ማድረግን ግን በምንም አትቀበሉ። የራሱን መውደቅ ለእናቱ እንዲያስተረጉም የተደረገ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምን እንደሚላት ታውቁታላችሁ።

ውጤት የወረደ ዓመት ይመጣል። ያን ጊዜ የወረደውን ከሽልማቶቹ በላይ አስቀምጡት፣ ጋዜጠኛ ሳይቀድማችሁ ላኩት፣ ከስር ስማችሁን ጻፉ። አድራሻውም መልስ የሚቀበል ይሁን፤ «ለዚህ ኢሜይል መልስ አይስጡ» የሚለውን መስመር አስወጡት። መጀመሪያ የሚደርሳችሁ መልስ ባብዛኛው ስለ ምሳና ስለ አውቶቡስ መዘግየት ነው፤ አትናቁት። ስለ አውቶቡሱ የጻፈችላችሁ እናት በአንድ ቀን ውስጥ መልስ ካገኘች ቀጥላ ስለ አልጀብራው ትጠይቃችኋለች። የሚቀጥለውን ደብዳቤ ከዚያ ጀምሩት።