ለውስብስብ ፕሮጀክት የአመራር ስልት ሲመርጡ

ውድ ጠያቂዬ፣

ለስድስት ዓመታት የሶፍትዌር ቡድን ሲመሩ ቆይተው የአንድ ሆስፒታል የመረጃ ሥርዓት ዝርጋታን ለሚያስተባብር የሥራ መደብ ለቃለ መጠይቅ እንደተጠሩ ገልጸው፣ ስለ አመራር ስልትዎ ቢጠየቁ ከአዛዥ፣ ከአሳታፊና ከለውጥ አምጪ (ቡድኑን በራእይ ከሚያነቃቃ) አመራር የትኛውን ቢጠቅሱ እንደሚሻል ጠይቀውኛል። በእኔ እምነት አንዱን ስልት ለፕሮጀክቱ በሙሉ መምረጥ አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ዐቢይ ውሳኔ የሚስማማው ይመረጣል እንጂ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጡት ጥናት አዛዥ፣ አሳታፊና ልቅ (ቡድኑን እንዳሻው የሚተው) አመራርን አነጻጽረው ነበር። የአመራር ተመራማሪዎቹ ቪክቶር ቭሩምና ፊሊፕ የተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 መሪው ብቻውን ከመወሰን አንሥቶ ከቡድኑ ጋር በስምምነት እስከ መወሰን ያሉትን ደረጃዎች ዘርዝረው፣ ምርጫው በውሳኔው ባሕርይ ላይ እንዲመሠረት ሐሳብ አቀረቡ። ከዚህ ተነሥተው ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ለውሳኔው የሚያስፈልገው መረጃ በማን እጅ ነው? የሚፈጽሙት ሰዎች ካላመኑበት ሥራ ላይ ይውላል? ስሕተት ቢሆንስ ለማረም ጊዜ አለ?

በእርስዎ ፕሮጀክት የመድኃኒት ማዘዣው ገጽ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው፤ በተጨማሪም የእርስዎ የበታች ስላልሆኑ ትእዛዝ ቢሰጧቸው እንኳ ወደ ወረቀታቸው መመለስ ይችላሉ። እዚህ ላይ አሳታፊነት ግዴታ ነው። የቆየውን የሕሙማን መዝገብ ወደ አዲሱ ሥርዓት የማዛወሩን ዝርዝር ግን ለመረጃ ቋት ባለሙያው ትተው ውጤቱን ብቻ ቢቆጣጠሩ ይበቃል። አሮጌው ሥርዓት ተዘግቶ አዲሱ በሚከፈትበት ሌሊት ደግሞ «እንቀጥል» ወይም «እንመለስ» የሚለው አንድ ሰው መሆን አለበት፤ ሆኖም የዚያ ሰው ትእዛዝ ተቀባይነት የሚያገኘው ወደ አሮጌው ሥርዓት የሚያስመልሱት ሁኔታዎች አስቀድመው ከሁሉም ክፍሎች ጋር ተመክሮባቸው በጽሑፍ ሰፍረው እንደሆነ ነው።

አሳታፊነት ሲባል ብዙ ሰው ስብሰባ መጥራት ይመስለዋል፤ እኔ ግን ቁም ነገሩ ያለው የተቃውሞ ድምፅ ሲሰማ በሚደረገው ላይ ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1986 ምሽት ቻሌንጀር የተባለችውን የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሮኬቶች የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች ቅዝቃዜው የጎማ ማሸጊያዎቹን ሊያሰንፍ ስለሚችል ማስወንጨፉ እንዲዘገይ ተከራክረው ነበር፤ የኩባንያው ኃላፊዎች ግን የመሐንዲሶቹን ምክር ሽረው ፈቃድ ሰጡ፤ በማግሥቱ መንኮራኩሯ ከተነሣች ከ73 ሰከንድ በኋላ ተበታትና ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። ባለሙያዎቹ ተጠርተው ተናግረዋል፤ የጎደለው ተቃውሟቸው ውሳኔውን የሚገታበት ሥርዓት ነበር። ስለዚህ «ይህ ጉዳይ ሳይፈታ ሥራ አይጀመርም» ማለት የሚችለው ማን እንደሆነ ከመነሻው ይወስኑ።

ስለ ለውጥ አምጪ አመራር ብዙ አልልም። ራእይ የደከመ ቡድንን ያነቃቃል፤ የሕክምናና የፋይናንስ ኃላፊዎች በማይስማሙበት ጊዜ ማን እንደሚወስን ግን አይነግርዎትም።

ስልት የሚቀያይር መሪ ወላዋይ ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል፤ ጥርጣሬውም ከንቱ አይደለም። መከላከያው በመጀመሪያው ሳምንት የትኛውን ውሳኔ እርስዎ ብቻዎን፣ የትኛውን ከቡድኑ ጋር ተመካክረው፣ የትኛውን ደግሞ ባለሙያው ራሱ እንደሚወስን በአንድ ገጽ ጽፎ ለሁሉም ማሳወቅ ነው።

ለቃለ መጠይቁ ከስድስት ዓመት ልምድዎ ሁለት ውሳኔዎችን ይምረጡ፤ አንዱ ብቻዎን የወሰኑት፣ ሌላው ለቡድኑ የተዉት ይሁን፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉና ውጤቱ ምን እንደነበረ ያስረዱ። ተራው የእርስዎ ሲሆን በበጀት፣ በጊዜ ሰሌዳና በሥራው ወሰን ላይ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ጠያቂዎችዎን ይጠይቁ። ግልጽ መልስ ካላገኙ፣ የቅጥር ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ሥልጣንዎ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ ያመልክቱ።