የባሕሩ አምባዛ ከጣናው በምን ይለያል?

እህቴ፣ ወንድምሽ ጅቡቲ ዓሣ ማስገር ሊጀምር ነው፤ «ባህር ዳር አምባዛ እየያዝን ነው ያደግነው፣ የባሕሩ ምን ያስፈራል? ይበላል ወይ?» ይላል ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም በእጄ ስለያዝኩ ልመልስልሽ። ያስፈራል። የሚያስወጋው ደግሞ ጣና ላይ የለመደው አያያዝ ነው።

የሚገጥመው ዓሣ በሳይንስ ስሙ ፕሎቶሰስ ሊኒያተስ ይባላል። በቀይ ባሕርና በህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይኖራል። የኛ አምባዛ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ይሄኛው ትልቁ 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጠቆር ያለ ነው፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ ነጣ ያሉ መስመሮች አሉት። አፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ሪዝ አለው፣ ኋላው እንደ እባብ እየቀጠነ ይሄዳል። ትንሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል።

እሾሁ ሦስት ነው። ሁለቱ ግራና ቀኝ የደረት ክንፎቹ ላይ፣ አንዱ ጀርባው ላይ። የጣናው አምባዛ ጀርባው ላይ እሾህ የለውም። ስለዚህ እኛ ከላይ ጨበጥ አድርገን፣ ጣታችንን ከደረት ክንፎቹ ኋላ አድርገን እናነሳዋለን። ባሕሩ ላይ እንዲህ ከያዘው መዳፉ የሚያርፈው በቀጥታ እሾሁ ላይ ነው። እሾሁ ጥርሳም ነው፤ ዓሣው ሲደነግጥ ያቆመውና ይቆልፈዋል። መርዙ እሾሁን በሸፈነው ቆዳ ውስጥ ስላለ፣ ሲወጋ ቆዳው ተቀዶ መርዙ ቁስሉ ውስጥ ይገባል። የሞተውም ይወጋል፤ ጀልባ ወለል ላይ የተጣለውን በባዶ እግር መርገጥ ብቻ ይበቃል።

የኛው ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ከአምባዛ ወገን ቢያንስ 1,250 ዝርያዎች መርዛማ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገምቷል። ጣና ላይ የተወጋም እጁ ያብጣል፣ ግን ትንሽ ተሳድቦ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጅቡቲ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ግን ጣቱን ተወግቶ ሕመሙ ብብቱ ድረስ ወጣ፤ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ።

ጠባዩን ብታይው ግን ትወጂዋለሽ። ግልገሎቹ መቶ ያህል ሆነው፣ ክብ ሠርተው፣ ተጠጋግተው አሸዋ እየፈተሹ ይሄዳሉ። ትልልቆቹ ቀን ድንጋይ ሥር ይደበቃሉ፤ ማታ ወጥተው ሽሪምፕ፣ ትል፣ ትንንሽ ዓሣ ይለቅማሉ። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ድንጋይ መሃል ጎጆ ሠርቶ እንቁላሉን ይጠብቃል። የኛ አምባዛ ክረምት ላይ ውኃ የሸፈነው ሣር ውስጥ እንቁላሉን በትኖ ውልቅ ነው። ይሄ ዓሣ በስዊዝ ቦይ አልፎ ሜዲትራኒያን ገብቷል፤ እስራኤል ዳርቻ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። አሁን እዚያ ያሉ ዓሣ አጥማጆችም ይወጋሉ።

ማታ ስለሚወጣ የማታ መረብ በባትሪ ብርሃን ይፈተሽ። ወንድምሽ ወፍራም ጓንትና ፒንሳ ይያዝ። ዓሣውን ከመረቡ ከማላቀቁ በፊት ሦስቱንም እሾህ በፒንሳ ይቁረጥ።

ከተወጋ እጁን በገመድ አይሰር፣ በረዶም አይፈልግ። መርዙ ሙቀት አይችልም። ቁስሉን ታጥቦ፣ መቻል የሚችለውን ያህል ሙቅ ውኃ ውስጥ ይንከረው፤ ከ45 ዲግሪ ግን አይለፍ። ከግማሽ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ይቆይ። ሙቀቱን ባልተወጋው እጁ ይሞክር፣ የተወጋው ደንዝዞ ሊቃጠል ይችላል። ጀልባ ላይ ሁልጊዜ ፔርሙዝ ሙቅ ውኃ ይኑር፤ የሻይ ነው ብለው እንዳይጨርሱበት ብቻ። ከዚያ ሐኪም ቤት ይሂድ። የእሾህ ስባሪ ውስጥ ቀርቶ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ የቴታነስ ክትባትም ያስፈልጋል። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ካዞረው ግን ውኃ እስኪሞቅ አይጠበቅም፣ ወዲያው ይሂድ።

መብላቱን በተመለከተ፣ በአንዳንድ አገር እሾሁ ተነቅሎ ይበላል። ቤታችሁ ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማይበላ ከሆነ ግን፣ እንደ አምባዛችን ይሄም ቅርፊት የለውም።